ካሜራው የቆመበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በሜይ 1942 አንድ የጀርመን ፊልም ቀራጭ ቡድን ዋርሶ ጌቶ ገባ። በግንብ በታጠረው በዚያ ሰፈር ከአራት መቶ ሺህ በላይ አይሁዳውያን ታጉረው ነበር፤ ረሃብና ተስቦም ብዙዎችን ጨርሷል። ቡድኑ አንድ ወር ያህል ቀረጸ። ደህና የለበሱ ሴቶች እየተመረጡ፣ መንገድ ዳር በወደቀ ለማኝ አጠገብ ዞር ብለው ሳያዩ እንዲያልፉ ታዘዙ። ምግብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ተሞልቶ ሰዎች እንዲበሉና እንዲስቁ ተደረገ። የጌቶው የአይሁድ ምክር ቤት ሊቀ መንበር አዳም ቼርንያኮቭ፣ ቀራጮቹ መኖሪያ ቤታቸው ሳይቀር ገብተው ያቀነባበሩትን ትዕይንት በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈውታል። ጁላይ 22 ቀን ወደ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ የሚደረገው ግዞት ተጀመረ፤ በማግስቱ ቼርንያኮቭ ራሳቸውን አጠፉ። በሁለት ወር ውስጥ 265 ሺህ ያህል የጌቶው ነዋሪ በባቡር እየተጫነ ወደዚያው ተወሰደ።

ከጦርነቱ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል የሚሄድ፣ ድምፅ የሌለውና ያላለቀ ፊልም በምሥራቅ ጀርመን ቤተ መዛግብት ተገኘ። ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ከዚያ እየቀነጨቡ «ጌቶ ይህን ይመስል ነበር» ብለው አቀረቡት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሌላ የሚያሳዩት ምስል ስላጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተቆርጠው የወደቁ ጥቅሎች ሲገኙ ግን ነገሩ ተገለጠ። ያው ትዕይንት ደግሞ ደጋግሞ ሲቀረጽ ይታያል፤ ካሜራ የያዘ ጀርመናዊ በሌላው ካሜራ ፊት ድንገት ያልፋል። እስራኤላዊቷ ያኤል ሄርሶንስኪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው «ያላለቀ ፊልም» ውስጥ ከጌቶው የተረፉ አረጋውያንን ጨለማ አዳራሽ አስቀምጣ ያንን ቀረጻ ታሳያቸዋለች። የእሷ ካሜራ ያለው እነሱ ፊት ላይ ነው። ገዳዩ ለራሱ ዓላማ የቀረጸውን መንገድ፣ እነሱ የሚያውቁት ሰው ብቅ ይል ይሆን እያሉ በዓይናቸው ያስሱታል። መንገዱ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ የሚታዩበት ቦታ ሲለወጥ ግን ፊልሙ ሌላ ፊልም ሆነ።

ስለ ሆሎኮስት የተሠራን ፊልም «እወደዋለሁ» ማለት ለአንደበት ይከብዳል። ቢሆንም ደጋግሜ የምመለስባቸው አሉ። የሚያገናኛቸውን ሳስብ የማገኘው የእንባ ብዛት ወይም የትወና ብቃት አይደለም። ካሜራቸው የት እንደቆመ ያውቃሉ፤ እኛን ተመልካቾቹን የት እንዳስቀመጡንም ያውቃሉ። ይህ የሥነ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሁሉ ሞት ፊት ማንሣቱ ነውር በሆነ ነበር። ነገር ግን የግፉ አሠራር ራሱ ሰውን ቦታ ቦታ በማስያዝ ላይ የቆመ ነበር።

ስድስት ሚሊዮን አይሁዳውያንን ለማጥፋት ጥላቻ ብቻውን አይበቃም። ሥራው ተከፋፍሎ፣ እጅግ ብዙ ሰው መጨረሻውን የማያይበት ቦታ ላይ መቀመጥ ነበረበት። ክሎድ ላንዝማን አሥራ አንድ ዓመት ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ በሚፈጀው «ሾዋ» ውስጥ የታሪክ ምሁሩ ራውል ሂልበርግ አንድ ወረቀት ይዘው ያነባሉ። የባቡር መርሐ ግብር ነው። ባቡሩ ከየትኛው ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ትሬብሊንካ መቼ እንደሚደርስ ተጽፏል፤ ሲመለስ ባዶ ነው። «ግደሉ» የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ የለም። ሂልበርግ እንደሚያስረዱት የጀርመን ምድር ባቡር ለግዞተኞቹ ቲኬት ያስከፍል ነበር፤ ከአሥር ዓመት በታች የሆነ ልጅ በግማሽ ዋጋ፣ ከአራት ዓመት በታች የሆነ በነፃ። የሚታሰበው የመሄጃው ብቻ ነው። ደርሶ መልስ የሚከፈለው ለጠባቂዎቹ ነበር። ይህን ሒሳብ የሠራ ጸሐፊ ጢሱን አላየም፣ ጩኸቱን አልሰማም። ከወንበሩ ሆኖ የሚታየው ቁጥር ነው፤ ወንበሩም የተዘጋጀለት ቁጥር ብቻ እንዲያይ ነው። እንግዲህ ስለዚህ ግፍ ፊልም የሚሠራ ሰው ካሜራውን የት እንደሚተክል ሲወስን፣ ገዳዮቹ አስቀድመው የወሰኑትን ጉዳይ ነው እንደገና የሚወስነው።

አላን ሬኔ «ሌሊትና ጭጋግ»ን ሲሠራ ጦርነቱ ካበቃ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። ፊልሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ትረካውን የጻፈው ዣን ኬሮል ራሱ የማውትሃውዘን ካምፕ እስረኛ የነበረ ገጣሚ ነው። በቀለም የተቀረጸው ካምፕ ሣር በቅሎበታል፤ ካሜራው በባዶው ግቢ ቀስ እያለ ይሄድና ጥቁርና ነጩ የቤተ መዛግብት ምስል ይተካዋል። ከነዚያ ምስሎች በአንዱ፣ ፒቲቪዬ በተባለው የፈረንሳይ ማጎሪያ ካምፕ የታጎሩትን ሰዎች የሚጠብቅ ዘብ ይታያል። ቆቡ የፈረንሳይ ፖሊስ፣ የጃንደርም ቆብ ነው። የፈረንሳይ ሳንሱር ይህ ይውጣ አለ። ከብዙ ክርክር በኋላ ቆቡ ላይ የጣሪያ ወራጅ የሚመስል ነገር ተቀብቶ ተሸፈነ፤ ፊልሙም ለረጅም ዓመታት እንደዚያ ሆኖ ታየ። ለመንግሥት ያልተዋጠለት ነገር ግልጽ ነው። ያ ቆብ ፈረንሳዊውን ተመልካች ከሐዘንተኛው ወንበር አንሥቶ ከዘቡ አጠገብ ያቆመዋል።

በዚያው ፊልም ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ብቻ የምትታይ ልጅ አለች። ራሷን በጨርቅ ጠምጥማ፣ ሊዘጋ ባለ የጭነት ባቡር በር መካከል ወደ ውጭ ታያለች። የተቀረጸችው እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 1944 ሆላንድ ውስጥ፣ ቬስተርቦርክ ካምፕ ነው። ቀራጩ ሩዶልፍ ብረስላወር በካምፑ አዛዥ ትእዛዝ የሚሠራ አይሁዳዊ እስረኛ ነበር፤ ኋላ እሱም ወደ ኦሽዊትዝ ተግዞ በሕይወት አልተመለሰም። ልጅቷ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ስም የሌላት «አይሁዳዊቷ ልጅ» ሆና በየፊልሙና በየመጽሐፉ ዞረች። በ1990ዎቹ አድ ቫገናር የተባለ የሆላንድ ጋዜጠኛ ሲያጣራ ስሟ ሴተላ ሽታይንባኽ መሆኑን ደረሰበት። የሲንቲ ሕዝብ ልጅ ነበረች፤ እንደ አይሁዳውያኑ ሁሉ ናዚዎች ሊያጠፉት ከተነሡት ሕዝብ ማለት ነው። ኦሽዊትዝ ላይ ስትገደል ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፊቷን ስንት ሰው አይቶ አዘነ! ስሟን እስከመጠየቅ ለመድረስ ግን ሃምሳ ዓመት ፈጀ። ሐዘን ብቻውን የትም እንደማያደርስ ይህን ያህል ያስረዳኝ ሌላ ነገር የለም።

ሐዘንን ለማብዛት የሚደረግ ጥረት ወዴት እንደሚያመራ ደግሞ አንድ የቆየ ክርክር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960 የጣሊያኑ ጂሎ ፖንቴኮርቮ «ካፖ» የተባለ ፊልም አወጣ። አንዲት እስረኛ ኤሌክትሪክ በተለቀቀበት ሽቦ ላይ ራሷን ወርውራ ትሞታለች። ካሜራው ወደ አስከሬኗ ይጠጋና የተዘረጋ እጇን አስተካክሎ ፍሬሙ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በዓመቱ ፈረንሳዊው ሃያሲ ዣክ ሪቬት፣ በዚያች አንዲት እንቅስቃሴ ምክንያት ሠሪው ከልብ መናቅ ይገባዋል ብሎ ጻፈ። ፍርዱ ከርሯል፤ ፖንቴኮርቮ ፋሺስቶችን በአርበኝነት የታገለ ሰው ነው። ጥያቄው ግን ዛሬም በቦታው አለ። ሰው ሞቶ ሳለ አስከሬኑ የተሻለ እንዲታይ ብሎ የተጠጋው ማን ነው? ለማን ብሎ ነው የተጠጋው? ለሟቿ የሚጨምርላት ነገር የለም። ለእኛ ግን መታየት ያለበትን ነገር አሳምሮ አቀረበልን፤ እኛም የከፋውን አይተን እንደቻልን ተሰማን።

ላንዝማን የመረጠው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ትሬብሊንካ ላይ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተገድሏል። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ካምፑን አፍርሰው፣ መሬቱን አርሰው ዘር ዘሩበት፤ የገበሬ ቤትም ሠሩበት። ስለዚህ በ«ሾዋ» ውስጥ አንድም የቤተ መዛግብት ምስል የለም፤ ያለው የዛሬው ሜዳ፣ ሐዲዱና የሰዎቹ ፊት ነው። አብርሃም ቦምባ ትሬብሊንካ ውስጥ ወደ ሞት የሚነዱ ሴቶችን ፀጉር እንዲቆርጡ የተገደዱ ሰው ናቸው። ላንዝማን እስራኤል ውስጥ ፀጉር ቤት ተከራይቶ፣ መቀስ አስይዞ፣ የአንድ ሰው ፀጉር እየቆረጡ እንዲነግሩት አደረገ። መቀሱ ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ የቦምባ ድምፅ የረጋ ነው። እንደማንኛውም ሥራ፣ ስንት ሰው እንደነበሩ፣ ለአንዷ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይናገራሉ። ከዚያ ከትውልድ ከተማቸው የመጣ ጓደኛቸው፣ እሱም ፀጉር ቆራጭ፣ ሚስቱና እኅቱ ወደዚያ ክፍል ሲገቡ ያየውን ለመናገር ሲደርሱ ቃል አጠራቸው። ፊታቸውን በፎጣ ያብሳሉ፣ አልችልም ይላሉ። ላንዝማን መናገር አለብዎት ይላቸዋል። ካሜራው አይሸሽም። ዝምታው ረዝሞ፣ ረዝሞ፣ ቦምባ ይቀጥላሉ፤ ያ ሰው ዳግም እንደማያያቸው እያወቀ አንዲት ሰከንድ አብሯቸው ለመቆየት እንደታገለ ይናገራሉ።

ላንዝማን ቦምባን እንዲህ የማስጨነቅ መብት ነበረው ወይ ተብሎ ብዙ ተጽፏል። ጥያቄው ይገባል። እኔ ግን አንድ ነገር ይታየኛል። የላንዝማን ድምፅ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ፣ ምን ዋጋ እያስከፈለ እንደሆነ አልተሸሸገም። ተመልካቹም የሚሰማው ቃል ከሰው አንጀት ተጎትቶ የወጣ መሆኑን እያየ ይሰማል። ምስክርነት በርካሽ እንደማይገኝ የሚያስተምር ይህን የመሰለ ፊልም አላየሁም።

የስቲቨን ስፒልበርግ «የሺንድለር ዝርዝር» እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ ሰባት ኦስካር ሲወስድ፣ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ላንዝማን ነበር። ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው። ጀርመናዊው ነጋዴ ሺንድለር ከሞት ሊያድናቸው የዘረዘራቸው ሴቶች በስሕተት ኦሽዊትዝ ገብተው፣ ራቁታቸውን ሻወር ክፍል ሲታጎሩ፣ መብራት ሲጠፋ፣ እኛ የምናውቀውን የጋዝ ክፍል ፊልሙ ትንፋሽ ለማስያዝ ይጠቀምበታል። ከዚያ ውሃ ይወርዳል፤ ተመልካቹም እፎይ ይላል። ያ እፎይታ ያለቦታው የመጣ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ለብዙኃኑ ውሃ አልወረደም። ዳሩ ግን የዚሁ ፊልም ሌላ ክፍል ልክ ነው። ሺንድለር ፈረስ ላይ ተቀምጦ ከኮረብታ የክራኮቭ ጌቶ ሰዎች ሲረሸኑና ሲነዱ ያያል። ከሕዝቡ መካከል ቀይ ካፖርት የለበሰች አንዲት ሕፃን ለይቶ ያያል። በዚያ ቅጽበት እኛ ያለነው ከተበዳዮቹ መካከል አይደለም። ያለነው ትርፍ ፍለጋ በመጣ፣ ጉዳት በማይደርስበት ከፍታ ላይ በቆመ ሰው ዓይን ውስጥ ነው፤ አብዛኞቻችንም በእውነተኛው ሕይወት የምንገኘው እዚያ ነው። ስፒልበርግ ከፊልሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቋቋመው ድርጅት ከ50 ሺህ በላይ የተራፊዎች ምስክርነት ተቀርጿል። ይህን የሚያህል ሥራ ያስከተለን ፊልም በአንድ ትዕይንት ብቻ መመዘን አይገባም።

አሁን ከፊልም ወደ አራት ፎቶግራፎች ልለፍ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1944 ኦሽዊትዝ-ቢርከናው ውስጥ የዞንደርኮማንዶ አባላት፣ ማለት ሬሳ ከጋዝ ክፍል እያወጡ እንዲያቃጥሉ የተገደዱ አይሁዳውያን እስረኞች፣ በድብቅ ባገኙት ካሜራ አራት ፎቶ አነሡ። ፊልሙ በጥርስ ሳሙና ቱቦ ተደብቆ ከካምፑ ወጣ። ሁለቱ የተነሡት ከጋዝ ክፍሉ ከራሱ ውስጥ ነው፤ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ በበሩ ክፍተት ሬሳ ሲቃጠል፣ ጢስ ሲወጣ ይታያል። አንደኛው ላይ የዛፍ ቅርንጫፍና ሰማይ ብቻ ነው ያለው። ከጦርነቱ በኋላ ፎቶዎቹ ሲታተሙ ያ ጥቁር ክፍል ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ወጣ፤ ዋናው ነገር ጎልቶ እንዲታይ ተብሎ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዦርዥ ዲዲ-ዩበርማን ይህን መቁረጥ አጥብቆ ተቃውሟል፤ እኔም በሙሉ ልቤ ከእሱ ጋር ነኝ። ያ ጥቁር ምንም የማያሳይ ይመስላል እንጂ፣ ያነሣው ሰው የት ሆኖ፣ ከምን ተደብቆ እንዳነሣ የሚናገረው እሱ ነው። ገዳዮቹ ዋርሶ ውስጥ የቀረጹት ምስል የጠራ ነው፤ ጊዜም ብርሃንም ሥልጣንም ነበራቸው። የተበዳዩ ምስል የተንጋደደ ነው፤ መንጋደዱ ራሱ ምስክርነት ነው።

የሀንጋሪው ላዝሎ ነመሽ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «የሳውል ልጅ» ይህን ጥቁር ክፍል ሳይቆርጥ የተሠራ ፊልም ነው ማለት ይቻላል። ሳውል የዞንደርኮማንዶ አባል ነው። ካሜራው ከፊቱና ከትከሻው አይላቀቅም፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ሁሉ የደበዘዘ ነው። የጅምላ ሞት በድምፅ፣ በጥላ፣ በጥድፊያ ይደርሰናል እንጂ እንድንመለከተው ተዘጋጅቶ አይቀርብልንም። ሳውል አንድ ልጅ ሞቶ አይቶ ልጄ ነው ይላል፤ በዚያ ሲኦል መካከል ጸሎት ተደግሞለት በወጉ እንዲቀበር ይለፋል። እንደ ሬሳ ክምር ከሚቆጠረው ሕዝብ ውስጥ አንዱን ሟች ሰው ብሎ መቅበር፣ የሴተላን ስም ከመፈለግ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው።

የጆናታን ግሌዘር «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ከካምፑ ግንብ ወዲህ አስቀመጠን። 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰው የተገደለበት የኦሽዊትዝ አዛዥ ሩዶልፍ ሆስ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖርበት ቤት ከካምፑ አጥር ጋር ኩታ ገጠም ነው። የአበባ መደብ አለ፣ መዋኛ አለ፣ ሠራተኞች አሉ። ተኩሱ፣ ጩኸቱ፣ የማቃጠያው ጉምጉምታ ሳያቋርጥ ይሰማል፤ ማንም ቀና አይልም። ሚስትየዋ ሄድቪግ የመጣላትን የፀጉር ካፖርት ለብሳ መስታወት ፊት ትዞራለች። ኪሱ ውስጥ የካፖርቱን ባለቤት ሊፕስቲክ ታገኝና ትቀባዋለች። ፊልሙ ስለ ካፖርቱ ባለቤት አንድ ቃል አይናገርም፤ ያቺ ሴት ግን ከዚያ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ልትጠይቃቸው የመጣችው የሄድቪግ እናት ሌሊት በመስኮት የእሳቱን ነጸብራቅ አይታ፣ ሳትሰናበት ቤቱን ጥላ ትሄዳለች። ሸሸች እንጂ አልተናገረችም። መሸሽም አንድ ቦታ መያዝ ነው።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ ለሦስት ቀን ባካሄዱት ጭፍጨፋ ጊዜ፣ ካሜራ የያዙ ጣሊያኖች ነበሩ። ስለ ወረራው ዘመን ግፍ በየመጻሕፍቱ ከምናያቸው ፎቶግራፎች ብዙዎቹን ያነሡት ራሳቸው ወራሪዎቹ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለማስታወሻ። በየዓመቱ ሰማዕታቱን ስንዘክር የምንመለከተው በከፊል በእነሱ ዓይን ነው። ፎቶዎቹን መጣል አይገባም፤ ማስረጃ ናቸው፣ የገዳዩንም እጅ ያጋልጣሉ። ያልተነሣውን ነገር ለማወቅ ግን የሟቾቹን ስም፣ የተራፊዎቹን ቃል፣ የሰፈሮቹን ትዝታ አጠገባቸው ማኖር ያስፈልጋል። ሄርሶንስኪ ዋርሶ ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ካሜራው በየኪሳችን ነው። በዚህ በእኛ ዘመን፣ በአገራችንም ጭምር፣ ሰው ሲገድሉ ራሳቸውን የቀረጹ ሰዎች ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አይተናል። ተቆጥተን፣ አዝነን፣ ለሌላው አስተላልፈናል። ስናስተላልፈው ግን ብዙ ጊዜ የምናስተላልፈው ገዳዩ ሊታይለት የፈለገውን ነው፤ የተዋረደውን ሰው ፊት፣ ስም በሌለበት፣ ቤተሰቡ ባልፈቀደበት። ዓይንን መጨፈንም መፍትሔ አይደለም፤ የመርሐ ግብሩ ጸሐፊም ሳያይ ነው የኖረው። እነዚህ ፊልሞች የሰጡኝ ሦስት ጥያቄ ነው፤ ማን ቀረጸው፣ የት ቆሞ ቀረጸው፣ የሞተው ሰው ስሙ ማን ነው። ሦስቱን ሳይጠይቅ የሚያይ ሰው ምንም ያህል ቢያለቅስ፣ ገዳዩ ካዘጋጀለት ወንበር አልተነሣም። የጠየቀ ግን ከተመልካችነት ወጥቶ ምስክር ወደመሆን አንድ እርምጃ ሄዷል፤ ሟቾችም ከእኛ ሊያገኙ የሚችሉት ፍትሕ ከዚያ እርምጃ ይጀምራል።